«ቃታው ራሱ ማገጃ ነው» ለሚሉት ወንድም የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ለቤት ጥበቃ ስለሚገዛ ሽጉጥ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ሰው ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ከሦስቱ አንዱ ጽሑፉን አንብቦ ልቡ ስለቆረጠ ቅዳሜ ሄዶ ሊከፍል ቀጠሮ ይዞ ነበር። ምላሽ ለመጻፍ የተቻኮልኩት በእርሱ ምክንያት ነው።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ ለመከላከያ የሚቀመጥ ሽጉጥ በእጅ የሚሠራ ማገጃ ሊኖረው አይገባም፤ መዶሻ ማውረጃ ብቻ ያለው ይበቃል። ጸሐፊው ለዚህ አምስት ምክንያቶች ይሰጣሉ። ማውረጃ ብቻ ያለው ሽጉጥ የሚረሳ ነገር የለውም፤ ማገጃ በጨለማና በድንጋጤ ባለቤቱን ያስጠቃል፤ የመጀመሪያው ቃታ ከባድ ስለሆነ ለሕፃናት መከላከያ ይሆናል፤ ፖሊስና ጦር ሠራዊት ማገጃን ትተዋል፤ ለጀማሪዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ የሚቀለው ይኸኛው ነው። ጽሑፉ በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም። በሁለት ነገር ትክክል ናቸው፤ ቦታው ላይ ስደርስ እመሰክርላቸዋለሁ። በቀረው ግን አልስማማም፤ በሦስተኛው ነጥብ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ በሕፃን ሕይወት ላይ መፍረድ ይሆንብኛል።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልግለጽ። ክርክሩ መዶሻና ሁለት ዓይነት የቃታ አሳሳብ ስላላቸው ሽጉጦች ነው። መዶሻ የምለው ወድቆ ሲመታ ጥይቱን የሚያስነሳውን ከኋላ ያለ ክፍል ነው። መዶሻው ወርዶ ሳለ ቃታው ሲሳብ ጉዞው ረጅምና ከባድ ነው፤ ጣት ራሱ መዶሻውን አንስቶ ይጥለዋል። ጥይቱ ሲወጣ ግን የሽጉጡ ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ መዶሻውን አንስቶት ስለሚቀር ቀጣዩ ቃታ አጭርና ቀላል ይሆናል። በሲግ ሳወር ፒ226 ለምሳሌ የመጀመሪያው ቃታ 10 ፓውንድ፣ ማለትም አራት ኪሎ ተኩል ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ የሚቀጥለው ሁለት ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። መዶሻው ተነስቶ የቀረን ሽጉጥ ሳይተኩሱ ወደ መጀመሪያው ሁኔታ የሚመልስ ትንሽ ዘንግ አለ። ባለሙያዎቹ ዲኮከር ይሉታል፤ እኔ መዶሻ ማውረጃ እለዋለሁ። ማገጃ ደግሞ ቃታው ቢሳብም ጥይት እንዳይወጣ የሚከለክለው ነው። ቤሬታ 92ኤፍኤስ ሁለቱንም ሥራ በአንድ ዘንግ ይሠራል። ፒ226 እና ቤሬታ 92ጂ ማውረጃ ብቻ አላቸው። የቼኩ ሲዜድ 75 በመደበኛ አሠራሩ ማገጃ ብቻ ነው ያለው። ግሎክና መሰሎቹ መዶሻ ስለሌላቸው ከዚህ ክርክር ውጭ ናቸው።

«የሚረሳ ነገር የለውም» የሚለው የጽሑፉ ምሰሶ ነው፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚሁ አምን ነበር።

በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በብርዱ ወራት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከምድር ቤቱ መስኮት በኩል የሚታገል ነገር ሰማሁ። ባለቤቴን ልጆቹ ክፍል እንድትገባ ነግሬ የብረት ሣጥኑን ከፈትኩ። ሽጉጤ ማውረጃ ብቻ ያለው ነበር። እንደ ብዙ ቤተሰብ ሁሉ ጥይት ሳላጎርስ ነው የማስቀምጠው፤ ስለዚህ አቀባበልኩና ከደረጃው አናት ላይ ቆምኩ። «ማነው?» ብዬ ስጮኽ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ! ቁልፌ ጠፍቶ ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። ከእኛ ጋር የሚኖረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነበር፤ በታክሲ ሥራ ላይ አምሽቶ ሰው ላለመቀስቀስ ብሎ ነው በመስኮት የሞከረው። ሁላችንም ሳሎን ተቀምጠን ሻይ ጠጣን፤ ባለቤቴ አለቀሰች፤ እርሱም ይቅርታ ሲለምን አነጋ። ሽጉጡን መቼ ወደ ሣጥኑ እንደመለስኩት በትክክል አላስታውስም። በማግስቱ ማታ ሣጥኑን ስከፍት መዶሻው ተነስቶ፣ ጥይቱ ጎርሶ፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ቃታ ይዞ ተጋድሞ አገኘሁት። ሌሊቱንና ቀኑን ሙሉ እንዲያ ሆኖ ውሏል።

ከዚያ ቀን በኋላ የገባኝን ነገር ነው በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምፈልገው። ማውረጃ ብቻ ያለው ሽጉጥ የማስታወስን ሸክም አላነሳልንም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። ማገጃ ያለው ሽጉጥ «ከመተኮስህ በፊት አስታውስ» ይላል። ማውረጃ ብቻ ያለው ሽጉጥ «ከጨረስክ በኋላ አስታውስ» ይላል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን አይተው ሁለተኛውን አላዩትም። «ከጨረስክ በኋላ» የሚባለው ሰዓት ደግሞ ምን ይመስላል? ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮ ይጮኻል፤ አንድ እጅ 911 ይደውላል፤ ልጆች ከክፍላቸው ወጥተው ወደ አባታቸው ይሮጣሉ፤ ፖሊስ በር ያንኳኳል። በቤት ውስጥ ሽጉጥ በስህተት ለመተኮስ ከዚህ የተመቸ ሰዓት አላውቅም፤ በዚያ ሰዓት በእጃችሁ ያለው ቃታ ደግሞ ጽሑፉ የሚያሞግሰው ከባዱ ቃታ አይደለም።

ሌላም አለ፤ ይህኛው በጽሑፉ ውስጥ ጨርሶ አልተነሳም። አብዛኛው የቤት ባለቤት እንደ እኔ ጥይት ሳያጎርስ ነው የሚያስቀምጠው። እንዲህ ያለ ሰው በሌሊት ሲያቀባብል መዶሻው ራሱ ይነሳል። ስለዚህ «ከባድ የመጀመሪያ ቃታ» የሚባለው ጥበቃ ለእርሱ ከመጀመሪያውም የለም። ጨለማ ኮሪደር ውስጥ የሚሄደው ቀላሉን ቃታ ይዞ ነው። ከባዱን ቃታ ለማግኘት ካቀባበለ በኋላ ማውረጃውን መጫን አለበት። ይህ በአውራ ጣት የሚሠራ፣ በድንጋጤ የሚረሳ፣ ልምምድ የሚፈልግ ተጨማሪ እርምጃ ነው። ጸሐፊው ማገጃን የከሰሱበት ክስ ቃል በቃል ይኸው ነበር።

በቤሬታ 92ኤፍኤስ ግን ዘንጉ ወደ ታች ተጭኖ ሳለ ማቀባበል ይቻላል። መዶሻው ተከትሎ ይወርዳል፤ ቃታው ተላቆ ባዶ ይሆናል፤ መዶሻው የሚመታው ክፍልም ከመንገዱ ዞሮ ይቆማል። ማራገፍም እንዲሁ ታግዶ ሳለ ይቻላል። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቤት ሽጉጥ ሕይወቱ ምን እንደሆነ አስቡት። ብዙዎቻችን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ዕድሜ ልካችንን በሰው ላይ አንድም ጊዜ አንተኩስበትም። የምንሠራው ከሣጥን ማውጣት፣ ማጉረስ፣ ማራገፍ፣ ማጽዳት፣ እንግዳ ሲመጣ ቦታ መቀየር፣ ወደ መለማመጃ ቦታ መውሰድና መመለስ ነው፤ ይህን በመቶዎች ለሚቆጠሩ ቀናት እናደርገዋለን። ጽሑፉ ሽጉጡን የመዘነው በአንዷ የተኩስ ሰከንድ ብቻ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ማገጃ ሁሉ ይህን ጥቅም አይሰጥም። ሲዜድ 75 እና የ1911ዱ ኮልት ማገጃቸው ሲገባ ተንሸራታቹንም ይቆልፋል፤ ጥይት ለማራገፍ መጀመሪያ ማገጃውን ማላቀቅ ግድ ነው። በሲዜድ 75 ላይ ደግሞ የጎረሰ ጥይት እያለ መዶሻውን ማውረድ የፈለገ ሰው ቃታውን እየሳበ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ይዞ ቀስ አድርጎ መልቀቅ አለበት። ጣት ከተንሸራተተ ጥይቱ ይወጣል። ጀማሪ ሰው ቤቱ ውስጥ ይህን እንዲያደርግ ፈጽሞ አልመክርም። ጸሐፊው «መዶሻ በጣት ማውረድ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለዋል፤ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው። እመሰክራለሁ ካልኩት አንዱ ይህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ማገጃ በጨለማ ባለቤቱን ያስጠቃል ወደሚለው። ይህ ሐሰት አይደለም። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ጀማሪዎችን በማለማምድበት ቦታ በጣም የማከብራቸው አንድ ጋሼ መጡ። በደርግ ዘመን መኮንን ነበሩ፤ ከማካሮቭ ጋር ዓመታት አሳልፈዋል። አዲስ የገዙትን ቤሬታ 92ኤፍኤስ ይዘው ቆሙ። አቋማቸው፣ አያያዛቸው፣ ትንፋሻቸው ሁሉ የወታደር ነው። «ተኩሱ» ስላቸው አውራ ጣታቸው በአርባ ዓመት ልማድ ዘንጉን ወደ ታች ጫነው፤ ቃታውን ሳቡ፤ ምንም የለም። ደግመው ሳቡ፤ ምንም የለም። ሽጉጡ የተበላሸ መስሏቸው ወደ እኔ ዞር አሉ፤ አፈሙዙን ግን ከዒላማው አላነሱም፤ ያስተማራቸውን ሰው አመሰገንኩ።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። በማካሮቭ ዘንጉ ወደ ላይ ሲገፋ ይታገዳል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይተኩሳል። በቤሬታ 92ኤፍኤስ ተቃራኒ ነው፤ ታች ማገጃ፣ ላይ ተኩስ። ሁለቱም ዘንጎች በተንሸራታቹ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ያሉ ናቸው። ከአገር ቤት ማካሮቭ የለመደ ስንት ሰው በመካከላችን እንዳለ ስታስቡ ይህ ቀልድ አይደለም። በአንጻሩ ኮልት 1911፣ ሲዜድ 75 እና የጀርመኑ ኤችኬ ዩኤስፒ ማገጃቸው ያለው በእጀታው አካል ላይ ነው፤ ለመተኮስ ወደ ታች ይጫናል። እጅ ሽጉጥ ሲጨብጥ አውራ ጣት በተፈጥሮው ወደ ታች ስለሚሄድ እንቅስቃሴው ከጭበጣው ጋር አንድ ይሆናል። ማካሮቭ የለመዱት ጋሼ ሲዜዱን ቢይዙ ኖሮ ጣታቸው በመጀመሪያው ሙከራ ትክክለኛውን ነገር ያደርግ ነበር።

ጽሑፉ እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ጨምሮ «ማገጃ» ብሎ ፈርዶባቸዋል። ጥፋቱ የማገጃ መኖር ሳይሆን እጅ ከተማረው ጋር የሚጋጭ ዘንግ መግዛት ነው። ጥያቄው መሆን ያለበት «ማገጃ አለው ወይስ የለውም?» ሳይሆን «ዘንጉ የት ነው ያለው? ወዴት ይሄዳል? የእኔ ጣት ከዚህ በፊት ወዴት መሄድ ለምዷል?» የሚል ነው።

ሁለተኛው ምስክርነቴ እዚህ ላይ ነው። በተንሸራታቹ ላይ ያለ ማገጃ አንድ እውነተኛ ጉድለት አለው። ጥይት ሲነክስ (ተቀርቅሮ ሲቀር) ተንሸራታቹን ከላይ በሙሉ መዳፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚጎትት ሰው ሳያውቀው ዘንጉን ወደ ታች ሊጫነው ይችላል፤ ሽጉጡም በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይታገዳል። ቤሬታ ለፈረንሳይ ዣንዳርሜሪ (ለአገሪቱ ወታደራዊ ፖሊስ) ባቀረበው 92ጂ ላይ ዘንጉ ተጭኖ ሲለቀቅ ራሱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ስለዚህ በስህተት ታግዶ የሚቀርበት መንገድ የለም። ጸሐፊው ይህን ሲያነሱ ትክክል ናቸው፤ ለብዙ ሰው ደግሞ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

«ሰከንዱ ነፍስ ነው» የሚለውን ግን ቤት ውስጥ አልቀበለውም። በወገቡ ሽጉጥ ይዞ ጎዳና ላይ በድንገት ለሚገጥመው ፖሊስ እውነት ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ይነሳል፤ ሣጥኑን በቁጥር ወይም በጣት አሻራ ይከፍታል፤ ቤተሰቡን አንድ ክፍል ይሰበስባል፤ ከተማረ ደግሞ በሩን ዘግቶ ከአልጋው ጀርባ ሆኖ ፖሊስ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ጊዜ ከወሰደ በኋላ በአውራ ጣት አንዲት ዘንግ መጫን ሕይወት ያሳጣል ማለት ሚዛኑን የሳተ ነው። የተለማመደ ጣት የሚፈልገው ጊዜ ቃታው ላይ ጣት ለማሳረፍ ከሚወስደው ጊዜ አይበልጥም።

አሁን ወደ ሦስተኛው። «የመጀመሪያው ቃታ ከባድ ስለሆነ ለሕፃን ራሱ ማገጃ ነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

በ1995 በአሜሪካ በሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሕፃናት ቃታ ለመሳብ ያላቸውን ጉልበት ለካ። ከሦስት እስከ አራት ዓመት ካሉት ውስጥ 25 በመቶዎቹ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ካሉት ውስጥ 70 በመቶዎቹ፣ ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ካሉት ውስጥ 90 በመቶዎቹ ሁለቱን አመልካች ጣቶቻቸውን ተጠቅመው በገበያ ላይ ከነበሩት 64 ሽጉጦች 59ኙን ለመተኮስ የሚበቃ ጉልበት ነበራቸው። ሕፃን እንደ አዋቂ በአንድ ጣት አይስብም። በሁለት እጁ ይይዛል፣ መሬት ላይ ያስደግፋል፣ አገላብጦ በአውራ ጣቱ ይገፋል። የአምስት ዓመት ልጅ ያላት እናት የጭማቂ ጠርሙስ እንዴት እንደሚከፍት አይታ ታውቀዋለች። አራት ኪሎ ተኩል የአዋቂን ስህተት ይቀንስ ይሆናል፤ ሕፃንን አያቆምም።

ማገጃም አያቆምም፤ ይህንንም እኩል እናገራለሁ። ሕፃን የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ይነካካል፤ ዘንግ ደግሞ ለመነካካት የተሠራ ይመስለዋል። ማገጃ አለው ብሎ ሽጉጡን ትራስ ሥር የሚያስቀምጥ አባትና ቃታው ከባድ ነው ብሎ ኮመዲኖ ውስጥ የሚያስቀምጥ አባት ያው አንድ ናቸው። ለሕፃን የሚሠራው የተቆለፈ የብረት ሣጥን ነው። በ2005 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት መሣሪያን መቆለፍ፣ ጥይት አራግፎ ማስቀመጥ፣ ጥይቱን መቆለፍና ለብቻው ማስቀመጥ እያንዳንዳቸው በሕፃናትና በወጣቶች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ከመቀነስ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ቃታ ክብደት ብሎ ያቀረበው መፍትሔ የለም። በጣት አሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ ሣጥን ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ጸሐፊው በዚህ አጋጣሚ በ2008 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የሄለር ውሳኔ ጠቅሰው «ፍርድ ቤቱም መቆለፍ ግዴታ አይደለም ብሏል» ይላሉ። ውሳኔው እንዲህ አይደለም። ፍርድ ቤቱ የሻረው የዋሽንግተን ዲሲን የሽጉጥ ክልከላና ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁልጊዜ እንዲፈታ ወይም ቃታው እንዲቆለፍ፣ ራስን ለመከላከል እንኳ መጠቀም እንዳይቻል የሚያስገድደውን ድንጋጌ ነው። ልጅ ካለበት ቤት ሽጉጥ ክፍት አድርጉ ያለ ዳኛ የለም። ብዙዎቻችን በምንኖርባት ሜሪላንድ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የጎረሰ መሣሪያ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ጠባቂ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተው ወንጀል ነው፤ ቀድሞ ዕድሜው 16 ነበር። ጽሑፉን አምኖ ሣጥን ሳይገዛ የቀረ አባት በሕግ ፊት «ቃታው ከባድ ነበር» ብሎ አይድንም።

አራተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየኝም። ፖሊስና ሠራዊት ማገጃን ትተዋል የተባለው ግማሽ እውነት ነው። የአሜሪካ ጦር በ1985 ቤሬታውን ሲቀበል ማገጃና ማውረጃ ያለውን ነው የተቀበለው፤ በ2017 የመረጠው ኤም17 የተባለው ሽጉጥም በእጅ የሚሠራ ማገጃ አለው። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ መምሪያ ደግሞ ከቤሬታው ወጥቶ መዶሻም ማገጃም ወደሌለው፣ ቃታው ቀላል ወደሆነ ሽጉጥ ሲሸጋገር በስህተት የተተኮሱ ጥይቶች በ2012 ከነበሩበት 12 በ2014 ወደ 30 አደጉ። ያ ሽጉጥ ማውረጃ ብቻ ካላቸው ጋር አንድ ዓይነት አለመሆኑን አውቃለሁ፤ የምጠቅሰው «ማገጃውን ትተው ምንም አልሆኑም» ለተባለው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ፖሊስ ሽጉጡን ቃታውን በሚሸፍን አፎት ውስጥ አድርጎ በወገቡ ይዞ ይውላል፤ አሠልጣኝና ደንብ አለው። እኛ ከሣጥን ራቁቱን አውጥተን በፒጃማ ነው የምንይዘው። የእርሱ ምርጫ ለእኛ ማስረጃ አይሆንም።

አምስተኛው፣ «ለጀማሪ፣ በተለይም ለሴቶች፣ ይቀላል» የሚለው፣ ከሁሉ ያስገረመኝ ነው፤ ነገሩ ተገልብጧልና። ሴት ወንድ መሆን አይደለም ጉዳዩ፤ የእጅ መጠንና የጣት ጉልበት ነው። መዶሻው ወርዶ ሳለ ቃታው ወደ ፊት ርቆ ይቆማል፤ አጭር ጣት ያለው ሰው እርሱ ላይ ለመድረስ ጭበጣውን ወደ ጎን ያዞራል፤ ከዚያ አራት ኪሎ ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ሲስብ አፈሙዙ ይናጋል። ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነች አንዲት እህታችን ባሏ በገዛው 92ጂ ስትለማመድ በሰባት ሜትር ላይ የመጀመሪያ ጥይቷ ሁልጊዜ ከዒላማው በታች ወደ ግራ ይሄድ ነበር፤ ሁለተኛው መሐል ይገባል። ባሏ «ፈርታ ነው» ይል ነበር። አልፈራችም፤ ጣቷ አልደረሰም። መዶሻው ተነስቶ ማገጃው የገባበትን ሲዜድ 75 ስሰጣት፣ ማገጃውን ወደ ታች ጫነች፣ አምስቱንም በመዳፍ በሚሸፈን ቦታ አሰባሰበቻቸው።

የመጀመሪያው ጥይት ወዴት ሄደ የሚለው በአሜሪካ ቤት ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። የውስጥ ግድግዳዎቻችን በእንጨት ቋሚዎች ላይ የተለጠፉ ሁለት ስስ የጂፕሰም ሰሌዳዎች ናቸው፤ የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት አንዱን ብቻ ሳይሆን ተከታታይ ግድግዳዎችን አልፎ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ብዙዎቻችን በአፓርታማና በተያያዙ ቤቶች የምንኖር ነን። ከግድግዳው ማዶ የልጆቻችን አልጋ ወይም ጎረቤት አለ። የመጀመሪያዋን ጥይት የሚያናጋ ቃታ «ለጀማሪ ይቀላል» ሊባል አይችልም። በደንብ ከተለማመዱት ከባዱ ቃታ ይገራል፤ የሚገራው ግን በብዙ ጥይትና በብዙ ትዕግሥት ነው። ሜሪላንድ ለሽጉጥ ፈቃድ የምታስገድደው የአራት ሰዓት ሥልጠና በተግባር ቢያንስ አንድ ጥይት መተኮስን ይጠይቃል። አንዲት ጥይት ለዚህም ለዚያም ዘንግ አትበቃም።

እንግዲህ «አንተስ ምን ትመርጣለህ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ያ ቅዳሜ ቀጠሮ የነበረው ወዳጄም ይህንኑ ጠየቀኝ። ሁለት ልጆች አሉት፤ ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም። ለእርሱ የነገርኩት ወደ ሱቁ ከመሄዱ በፊት መሣሪያ የሚያከራይ መለማመጃ ቦታ አብረን እንድንሄድ ነው። ሄድን። ፒ226፣ 92ኤፍኤስና ሲዜድ ፒ-07 ሞከረ። ፒ-07ን ሆን ብዬ ነው ያስያዝኩት፤ ያው ሽጉጥ በማውረጃም በማገጃም ሊሠራ ይችላል፤ መለወጫ ክፍሎቹ ከሽጉጡ ጋር ይመጣሉ። የመዶሻ ማውረጃና ማገጃ በአንድ ላይ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ኤችኬ ዩኤስፒን ማየት ይችላል፤ ወደ ላይ ይታገዳል፣ መሐል ላይ ይተኩሳል፣ ወደ ታች ሲጫን መዶሻውን ያወርዳል፤ በድንጋጤ አጥብቆ የሚጫን ጣት ከመሐሉ አልፎ መዶሻውን እንዳያወርደው ግን ልምምድ ይፈልጋል።

ወዳጄ በመጀመሪያው ሰዓት ማውረጃውን ከሃያ ጊዜ ሰባቱን ረሳ። ቆጥሬያለሁ። ተኩሶ ሲጨርስ መዶሻው ተነስቶ ሳለ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኔ በጣቴ አሳየዋለሁ፤ ይደነግጣል። ከማገጃው ጋር ሲሞክርም ከመተኮሱ በፊት ማላቀቁን አራት ጊዜ ረሳ። እኔ ከሁለቱ ዓይነት ስህተቶች የትኛው ቤቱ ውስጥ እንዲደርስ እንደሚመርጥ ጠየቅኩት። ሰባቱ ስህተቶች ስድስት ዓመት ልጅ ባለችበት ቤት የተነሳ መዶሻ ይተዋሉ፤ አራቱ ስህተቶች ደግሞ ሌባ ፊት ዝም ያለ ሽጉጥ ይተዋሉ። ሁለቱም ይከብዳሉ። እርሱ ልጁን አስቀደመ። ሌላ ሰው፣ ብቻውን የሚኖር፣ በየሳምንቱ የሚለማመድ፣ ሌላውን ሊያስቀድም ይችላል፤ ያን ሰው ፒ226 ወይም 92ጂ ገዛህ ብዬ አልወቅሰውም። እኔ ራሴ ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ሽጉጤን ለውጬ ማገጃውም ማውረጃውም ያለውን ይዣለሁ።

ወዳጄ እስከ ዛሬ ሽጉጥ አልገዛም። ሣጥኑን ግን ገዝቶ ከአልጋው አጠገብ ከግድግዳው ጋር በብሎን አስሮታል፤ ባዶውን ነው፤ ልጆቹ ሊከፍቱት እንደማይችሉ ለአንድ ወር ሊያይ።

ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ስለ ፖሊስ፣ ስለ ጨለማ፣ ስለ ጀማሪ የጻፉትን ይተዉት፤ አንባቢ የእርስዎንም የእኔንም አይቶ ይፍረድ። «ለሕፃን ቃታው ራሱ ማገጃ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን እባክዎ ከጽሑፍዎ ያውጡት። ጽሑፍዎ የደረሳቸው ሦስቱም ወዳጆቼ ልጆች አሏቸው።